ከሳጥኑ የወጣው የእናቴ ፊርማ

እናቴ ፈረመች! ዛሬ ረፋድ ላይ፣ እዚሁ ገሳይ በተከፈተው የባንክ ቅርንጫፍ፣ በአውራ ጣቷ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ ማንም እጇን ሳይዛት። ደስታዬን የማደርግበት ቢጠፋኝ ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ድሮ ለባንክ ጉዳይ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ድረስ እንሄድ ነበር። አሁን ባንኩ ደጃችን መጣ፤ አጎቴም አብሮ መጣ። ጣት የሚያትም ደንበኛ ምስክር ያስፈልገዋል ስለተባለ እሱ ከጎኗ ይቆማል። ታናሽ ወንድሟ መሆኑን ልብ በሉልኝ! ምን እንዳስገባች፣ ለምን እንዳወጣች ያያል። ያየውን ደግሞ ጠላ ቤት ያወራዋል። አንድ ቀን ለእኔ ትምህርት የምታስቀምጠው ገንዘብ የሰፈሩ ወሬ ሆነ። «ሴት ልጅ አስተምራ ለማን ልታወርስ ነው?» ተባለ።

እናቴ ይህን ሰምታ ገባችና፣ «ከእንግዲህ ጣቴን ለማንም አልዘረጋም። ስሜን አስተምሪኝ» አለችኝ።

ድንቹ ተቆፍሮ የወጣለት ማሳ ላይ ጀመርን። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ እሷ በእንጨት ትጽፋለች፣ እኔ በእግሬ አጠፋለሁ፣ ደግማ ትጽፋለች። በሁለት ወር ውስጥ ያማረ ፊርማ ወጣላት።

ባንክ ቤት ሄድን። ሠራተኛው ወጣት ነው። ካርድ አቀረበላትና፣ «እናቴ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ይፈርሙልኝ» አላት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል ብቻውን ሳጥኑን ሞላው። ሁለተኛው ከካርዱ ወጣ። ሦስተኛው የጠረጴዛው መስታወት ላይ አረፈ።

«እናቴ፣ ሳጥኑ ውስጥ እኮ ነው ያልኩት!»

«ታዲያ ይህን የሚያህል ስም በዚህች ጉሮኖ ማን ይከተዋል?»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እንደ ልማዱ ለምስክርነት ተከትሎን የመጣው አጎቴ ነው። «ኧረ ተይ እቴ! ጣትሽን አትሚና እንሂድ። አሁን በዚህ ዕድሜሽ የቆሎ ተማሪ ልትሆኚ ነው?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማሳውን ሙሉ ደብተር አድርጌ የሰጠኋት እኔ፤ ሳጥን የሚባል ነገር እንዳለ መች ነገርኳትና! ግን አላፈርኩም። «ጠበባት እንጂ አላቃታትም፣ አጎቴ!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለታላቅ እንዲህ አይባልም። ብያለሁ፤ አልመልሰውም። እናቴም የመጣችበትን ጉዳይ ትታ፣ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ወጣች።

እቤት እንደገባን የክብሪት ቀፎ አነሳሁ። ባረጀ ደብተሬ ላይ ዙሪያውን እያሰመርኩ ገጽ በገጽ ሳጥን ሞላሁላት። ከማሳ ወደ ክብሪት ቀፎ መውረድ እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እስክሪብቶውን እንደ ዶማ ጨብጣ ስንት ወረቀት ቀደደች! «ፊደሎቼ ከሱብኝ» እያለች ደግሞ ትስቃለች።

ዛሬ ተመልሰን ሄድን። ማን እንደነገረው እንጃ፣ አጎቴ ቀድሞን በሩ ላይ ቆሟል። እናቴ ሦስት ጊዜ ፈረመች። ሦስቱንም ከሳጥኑ ሳትወጣ! ሠራተኛው ካርዱን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አንዱን ፊርማ ከአንዱ ሲያስተያይ እኔም አንገቴን አስግጌ አብሬው አያለሁ።

«ይመሳሰላል፣ እናቴ። ከአሁን በኋላ ምስክር አያስፈልግዎትም።»

አጎቴ ጠጋ ብሎ፣ «እኔስ የቱ ጋ ልፈርም?» አለ።

«አንተማ» አለች እናቴ ዞር ሳትል፣ «ያውልህ ወንበር፤ ተቀመጥ።»

እንግዲህ ከገሳይም ሁኑ ከደብረ ታቦር፣ እናታችሁ የገዛ ገንዘቧ ጋ ሰው አስከትላ የምትሄድ ከሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችኋት እኛ ቤት ኑ። እስክሪብቶ ከእኛ ነው። እኔ አሰምራለሁ፣ እናቴ ታስተምራለች። «አርጅቻለሁ» የምትል ካለች እሷ ቀድማ ትግባ። «አይሆንላትም» የሚል ወንድም ካላት እሱም ይምጣ፤ ቆሞ ይይ።