ለወለተ ጊዮርጊስ የመጣ ጸበል

በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ከአዲስ አበባ የታዘዘልኝን የስፌት ክር ልቀበል ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቷል። ረዳቱ አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክ ከተሸፈነው መስኮት ሥር አስቀምጧቸዋል። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ አንዲት ሴት ዝናብ እየመታት ከረዳቱ ጋር ትከራከራለች።

«ጋቢና ያለው ልጅ ይነሳላቸው።»

«እሱ ቀድሞ ነው የገባ።»

«እሳቸውም ቀድመው ነው የተወለዱ።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ጎረምሳው አፍሮ ወረደ። ሴትየዋ አሮጊቷን ደግፋ ጋቢና አስገባቻቸው፤ የለበሰችውን ሹራብ አውልቃም በትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አሮጊቷ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ።

«ሐሙስ እጠብቃለሁ! ደርሷታል ብለሽ ተናገሪ!»

መኪናው ከዓይን ተሰወረ። ሴትየዋ ግን በስስ ሸሚዝ፣ አምስት ሊትር ጀሪካን አቅፋ፣ እዚያው ቆማ ቀረች። ቀረብ ብዬ «ልያዝልዎት?» አልኋት።

«አይ፣ ይኼንስ እኔው ብሸከመው ይሻላል» አለችኝ።

ፊቷን አላውቀውም፤ ድምጿን ግን ወዲያው ለየሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ልብስ ስፌት ቤቴን የሚሞላው ድምፅ ነው። የአካባቢያችን ሬዲዮ «ምን ይሻላል?» የሚባል ዝግጅት አለው። የተቸገረ ሰው ይጽፋል ወይም ይደውላል፤ አዘጋጇ ጉዳዩን ታነባለች፤ ከዚያ ከደምበጫም ከዲማም የሚያዳምጥ ሁሉ እየደወለ ይመክራል። አዘጋጇ የኔአለም ትባላለች።

«ዝናቡ እስኪያባራ ቤቴ ይጠለሉ» አልኋት። ልብስ ስፌት ቤቴ ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ወንበር ሰጠኋት፤ ተቀመጠች፤ ተነሳች። በሩ ድረስ ሄዳ ዝናቡን አየች፤ ተመለሰች። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችው፤ ጸበል መሬት አይቀመጥም ብላ ነው መሰለኝ አንስታ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ደግሞ ጨርቄን እንዳያረጥብ ፈርታ አቀፈችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ መቀመጥ ያስቸግርዎታል?»

«ከሰባት ዓመት ወዲህ። አንቺ ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ጸበሉ የማን ነው?»

«የወለተ ጊዮርጊስ።»

እኔ ደስ አለኝ። ወለተ ጊዮርጊስን የማያውቅ የዝግጅቱ አድማጭ የለም። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ የደጋ ሴት ናት። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ልጆቿ እንዳያውቁባት የምትደብቅ፣ በየጥቂት ወሩ ለየኔአለም የምትጽፍ። እኔም ዕድሜ መጥቶ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ሲለኝ «የእሷን ዓይን አብራላት» እላለሁ፤ ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ።

«እንዴት ሆነችልሽ?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

«ሞተች?»

«አልተወለደችም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እስኪያባራ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። ፈቃዷን ሰጥታኛለች፤ ከሐሙስ በፊት ግን ለማንም እንዳላሳይ ቃል አስገብታኛለች።

የኔአለም የተወለደችው ዲማ አካባቢ ነው። ከመንደሩ ሴቶች ማንበብ የሚችል አልነበረምና ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እሷ ትጠራ ነበር። የአንዲት ጎረቤታቸው ልጅ ወታደር ነው። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ ደህና ነኝ፣ ካልሲ ላኩልኝ፣ ሰላም በሉልኝ። ልጅቱ የእናትየዋን ፊት ስታይ ሦስት መስመር አነሰባት። ስለዚህ ጨመረችበት። በህልሜ አየሁሽ ይላል፤ ቀይዋ ላም ወለደች ወይ ይላል። ችግሩ እናትየዋ «እስቲ ድገሚልኝ» ማለታቸው ነበር።

«ቅድም ቀይዋን ላም ጠይቆ ነበር፤ አሁን የት ሄደች?» ይሏታል።

«ከበስተጀርባው ናት» ብላ ወረቀቱን ትገለብጣለች።

ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አድጋ የመምህርነት ሥልጠና ወሰደች፤ ደምበጫም ለዘጠኝ ዓመት አስተማረች። በአንድ የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል መድረክ ስትመራ ከሬዲዮ ጣቢያው የመጣ ሰው ሰማትና ለማስታወቂያ አንባቢነት ወሰዳት። የሐዘን ጥሪ፣ የጠፋ ከብት፣ የስብሰባ ጥሪ ታነባለች። እዚያም መጨመሯ አልቀረም። «ግንባረ ቦቃ በቅሎ የጠፋችበት ሰው እንቅልፍ አጥቷልና ያያችሁ ጠቁሙ» አለች። የዝግጅቱ ኃላፊ አቶ ደመላሽ ጠራት።

«የጠፋችው በቅሎ ናት። በሰውየው እንቅልፍ አንቺ ምን አገባሽ?»

በቅሎዋ በማግስቱ ተገኘች። ከጥቂት ወራት በኋላ አቶ ደመላሽ በየሐሙሱ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ሰጣት። «ምን ይሻላል?» የሚለውን ስም ያወጣችው ራሷ ናት።

በመጀመሪያው ሐሙስ ማንም አልደወለም። በሁለተኛውም ማንም። «ሙዚቃ አስገባለሁ፣ ቁጥሩን እደግማለሁ፣ ሙዚቃ አስገባለሁ» አለችኝ። «ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ስልኩን አንስቼ አዳመጥሁት። ደህና ነው። ስልኩ እየሠራ ዝም ሲል፣ ጋሼ፣ አገሩ ሁሉ ፊቱን ያዞረብኝ ይመስላል።» አቶ ደመላሽም በሚቀጥለው ሐሙስ ካልተደወለ ሰዓቱን ለዘፈን እሰጠዋለሁ አላት።

ረቡዕ ማታ የዚያችን የደጋ ሴት ደብዳቤ ራሷ ጻፈችው። ባሉን፣ ልጆቹን፣ የዓይኑን መድከም ሁሉ ፈጠረች። «ከእኔ የወሰድሁት፣ ሰው እንዳያውቅብኝ ማፈሩን ብቻ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ ስታነበው ስልኩ ማረፊያ አጣ። አንዱ ልጆቿን አላስተምርላትም ወይ ይላል፤ አንዷ ዓይኗን ለሐኪም ታሳይ ትላለች። መጨረሻ ላይ አንድ መሪጌታ ከዲማ ደወሉ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስሟን ንገሪን። በጸሎት እንድናስባት።»

ይህን አላሰበችበትም። ለደብዳቤው ሁሉንም ሠርታለታለች፤ የክርስትና ስም ግን አላወጣችለትም። መሪጌታው ይጠብቃሉ፤ አድማጩ ይጠብቃል። አፏ ላይ የመጣላትን አንድ ስም ተናገረች። የራሷን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኔአለም ዕረፍት የላትም። አድማጩ ወለተ ጊዮርጊስ እንዴት ሆነች እያለ ስለሚጠይቃት በየጥቂት ወሩ ሌላ ደብዳቤ ትጽፋለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ዲያቆኑ በሚያነበው የስም ዝርዝር ውስጥ ስሟን ትሰማለች፤ ማን እንዳጻፈው አታውቅም። ቤቷን ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ሲነጋ ከከተማ ወጥታ እስኪደክማት ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሰው «እግዜር ይስጥሽ፣ ያችን ምስኪን አልጣልሻትም» ይላታል፤ እሷም መንገድ ትለውጣለች።

«አንድ ጊዜ አድናታለሁ ብዬ ዓይኗ በራ ብዬ ጻፍሁ» አለችኝ። «እልል ተባለ። ከዚያ፣ ድና ከሆነማ ትምጣና ትመስክር አሉ። ተመልሶ ደከመባት ብዬ መጻፍ ሆነብኝ።»

«አንቺስ ለምን ሞተች ብለሽ አልተገላገልሽም?» አልኋት ሳላስበው።

«ብትሞት ፍትሐት ይደረግላታላ! ተዝካር የሚደግሱላት አሉ። በሬዲዮ የዋሸሁት አነሰኝና በመቅደስም ልዋሽ?»

ቂም አልያዝሁባትም፤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ለሌለች ሴት የጸለይሁት ሰውዬ ሞኝ መስሎ ታየኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ክር አልገባ ባለኝ ቀን ሁሉ እሷ ከቻለች እኔም እችላለሁ እያልሁ ያደርሁትን አስታወስሁ። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ጸሎቱ አድራሻውን አልሳተም፣ ስሙ ያንቺው ነው ሊሉኝ ነው አይደል? እባክዎን አይበሉኝ። ለራሴም ብዬው አልያዝልኝም።»

ያች አሮጊት እማማ ፋንታነሽ ይባላሉ። ሮብ ገበያ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሰባት ዓመት በየሮቡ ገበያ እየወጡ፣ ዓይነ ደካማ ሴት አለች በተባሉ ቁጥር «ወለተ ጊዮርጊስ አንቺ ነሽ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ዘንድሮ ለፍልሰታ ጸበል ገብተው ሰነበቱ። ሲወጡ የቀዱትን ይዘው መንገዱ እስኪከፈት ጠበቁ፤ ጠይቀው ጠይቀው ጣቢያውን አገኙ።

«ለእሷ አድርሽልኝ አሉኝና ጀሪካኑን ሲያቀብሉኝ እጄን ስተው አየር ላይ ዘረጉት» አለች የኔአለም። «ጋሼ፣ ዓይናቸው አያይም። ጸበል የገቡት ለራሳቸው ዓይን ነው። የራሳቸውን ድርሻ ነው ያመጡልኝ።»

ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። ዝናቡ አባርቷል፤ እሷ ግን አልወጣችም።

«ለአቶ ደመላሽ ዛሬ ሁሉንም ነገርሁት። ደርሷታል በይ፣ አንድ ቃል ናት፣ በያትና እንረፍ አለኝ። ለዝግጅቱ አስቦ ነው። እውነቱ ከወጣ ማን ያምነናል አለ። እውነቱን ነው።»

«አንቺስ?»

«ያችን አንዲት ቃል አልላትም። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም እናገራለሁ። በማግስቱ ይኼን ይዤ ሮብ ገበያ እሄዳለሁ፤ ዓይናቸውን ይጠቡበት። ከፈለጉም ይርገሙኝ።»

ጀሪካኑን አነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«ምን ልታዘዝ?»

«ተናግሬ ስጨርስ ይደውሉልኝ። የመጀመሪያው ሰው ይሁኑልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ያሻዎትን። ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ስልኩ ዝም እንዳይል። ያን ጊዜም የዋሸሁት ዝም ስላለ ነው። አሁንም ዝም ካለ፣ ተመልሼ እንዳልዋሽ ራሴን አላምናትም።»

ቁጥሩን ልትጽፍልኝ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠመኔ አነሳች። ቁጥሩንስ በቃሌ አውቀዋለሁ አልኋት፤ ሰባት ዓመት ስሰማው ኖሬ። በዕድሜዬ ሬዲዮ ላይ ደውዬ ግን አላውቅም።

«እንግዲያው ሐሙስ ይጀምሩ» አለችኝ፤ ጠመኔው አሁንም እጇ ላይ ነው። «ይደውሉልኝ፣ ጋሼ። ይደውላሉ?»