ያልተተረጎመልኝ ልብ

መጀመሪያ ያመመኝ መንጋጋዬ ነው። በስደት በምኖርበት፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ ዕቃ እደረድር ነበር። ጥርሴ ነው ብዬ በጣቴ ብፈልግ፣ ያመመኝ ቦታ ጥርስ ከተለየው ቆይቷል። በራሴ እየሳቅሁ ላብ አጠመቀኝ። ለካ ልቤ ነው።

ሆስፒታል የተዘጋውን የልቤን ደም ሥር ስቴንት በሚሉት ትንሽ የሽቦ ቱቦ ከፈቱልኝ። ሐኪሙ ለልጄ ለሰላም ብዙ ነገራት። የእኔ እንግሊዝኛ ከደንበኛ ጋር ለመከራከር እንጂ ለልብ አይበቃም፤ ሶ፣ አስተርጓሚዬ እሷ ነበረች።

«ምን አለ?»

«ደህና ነህ አባዬ። ረፍት ብቻ ነው ያለው።»

ቤት ስገባ ጫማዬ ጠበበኝ። እግሬ ሆስፒታል ተኝቶ ወፈረ ብዬ ቀለድኩና ሰፊ ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ለሰላም አልነገርኳትም፤ እንዳትጨነቅ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። አየር የለም። ደረቴ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ተነሣሁ። ወደቅሁ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ። አረፋ ወጣ። ደረቅ ሳሎን ውስጥ እየሰጠምኩ ነበር።

ሰላም ስወድቅ ሰምታ መጣች። አምቡላንስ ኮል አደረገች።

በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሙ አስተርጓሚ በስልክ አስጠራ። ፊቷን የማላውቃት ሴት፣ «አባቴ፣ የሚሉትን ሳልቀንስ ነው የምነግርዎት» አለችኝ። ከዚያ የሐኪሙ ቃል መጣ።

«ልብዎ ደክሟል፤ ሃርት ፌይለር ይባላል። ሳንባዎ ውሃ ቋጥሯል። እግርዎ ካበጠ፣ ሲተኙም ትንፋሽ ካጠረዎት ቶሎ ይምጡ ብዬ ባለፈው ነግሬዎት ነበር።»

ሰላም መሬት መሬት አየች። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው አባዬ።»

ክፉ ወሬ ለሰው በድንገት አይነገርም እያልኩ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ማንን ልቆጣ?

ውሃውን በሚያሸና መድኃኒት አወጡልኝ። ዛሬ ከጨው ጋር ተኳርፌያለሁ፤ ውሃ እንዳልቋጠርኩ ለማየት ጠዋት ጠዋት እንደ ሽንኩርት ጆንያ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ስተኛም በትራስ ቁልል እንደ ሹም ተደግፌ እተኛለሁ። ትራሱ ሲንሸራተት ግን ያ ያሰጠመኝ ውሃ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን።

እንደ እኔ ልባችሁን የታመማችሁ፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለሚወዷችሁ ይቀንሱላችኋል። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጥሩልኝ በሉት። እናንተም ያበጠ እግራችሁን አትደብቁ።

ሐኪሞቼን፣ ያችን የስልክ ድምፅ፣ ሰላምንም አመሰግናለሁ። አሁን ቀጠሮ ስንሄድ ሰላም እጄን ይዛ ትርጉሙን ለአስተርጓሚዋ ትተዋለች። አንዳንዴ አስተርጓሚዋ ቃል ፍለጋ ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ ውሃው ይሰማኛል።

«ንገሪኝ ልጄ» እላታለሁ አስተርጓሚዋን፣ የሰላምን እጅ ጠበቅ አድርጌ።