በሳሎኔ የተጣሉት ማሽኖች

የልጅ ልጄና የሥራ ባልደረባዋ የሆነ አንድ ልጅ ቢሮ መከራየት ስላልቻሉ፣ ልደታ ባለው ቤቴ ሳሎን ሦስት ኮምፒውተር ደርድረው ይሠሩ ነበር። ሰርቨር ይሏቸዋል። ሜክሲኮ፣ ተክለ ሃይማኖትና አብነት ቅርንጫፍ ላለው አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የመድኃኒት ቤቱን ሥራ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን በገዛ ሳሎኔ የሚሠራውን ሳልጠይቅ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም።

ፕሮግራሙ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ከላቦራቶሪው የተላከው ውጤት ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ልጁ ጥፋቱን በልጅ ልጄ ላይ ጣለ። ይባስ ብሎ ለክሊኒኩ ባለቤት ደውሎ ያበላሸችው እሷ ናት አላቸው። ሰውየውም እንዲያ ከሆነ እሷ ትውጣና ብቻህን ጨርስ አሉት። ትምህርት ከጨረሰች ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ማሽኖች በደንብ እየሠሩ ሳለ፣ አንቺ ነሽ አንተ ነህ ተባብለው ተያያዙ። ተዉ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ወጣሁና መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁት።

ልጁ ደንግጦ ተከትሎኝ ወጣ። «እማማ፣ ማሽን እኮ እንዲህ በድንገት አይጠፋም።»

«ሰውስ እንዲህ በድንገት ይከሰሳል?» አልኩት። «ግባና ተቀመጥ።»

ሁለቱንም ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ ምስክር የሌለው ክስ በዚህ ቤት እንደማይሰማ ነገርኳቸው። የልቤን ከተናገርኩ በኋላ መብራቱን መለስኩ። ማሽኖቹ ተነሱ፤ ቅድም ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ግን አልሠራ አለ። ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት፤ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ፊቴ ተቀምጠው ነበር፣ ማንም ምንም እንዳልነካ እኔው ምስክር ነኝ አልኩት።

ያኔ ነው አብረው መፈለግ የጀመሩት። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ፖርት የሚባል ቁጥር አለው፤ ሌሎቹ የሚያገኙት በዚያ ቁጥር ነው። እነሱ ግን ሥራውን ሲካፈሉ ሳይመካከሩ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥተዋል። እሱ ለላቦራቶሪው የሰጠውን ቁጥር እሷ እዚያው ማሽን ላይ ለመድኃኒት ቤቱ ሰጥታዋለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የነቃው ቁጥሩን ይይዛል፣ የዘገየው ውጭ ይቀራል።

«ታዲያ ቀድሞ የመጣ ይያዛ፣ ምን ያጣላል?» አልኩ። የሰፈር ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካናቸውን አሰልፈው ቤታቸው ከሚተኙ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት የተጣላሁ ሰው ነኝ። ሰው እንጂ ጀሪካን አይሰለፍም ባይ ነኝ።

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ ሲያምሰን የከረመው ያንቺ ሕግ ነው እኮ። ይሄ ቦኖ አይደለም፤ የየራሳቸው ቤት ነው። ጎረቤትሽ ስለተኛ ቤቱ ትገቢያለሽ?»

ነገሩ ልክ ነው። አልወደድኩትም፣ ግን ልክ ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቁጥር መደቡ። ቁጥሩ በሦስቱም ማሽኖች ላይ ያው ነው፤ ባለቤቱ ቢዘገይም ሌላ አይወስደውም። እንዳጠፋና እንዳበራ ለመኑኝ፤ ደጋግሜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። አልተበላሸም።

ልጁ እፎይ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «እንግዲህ ተስተካከለ፤ ያለፈው ይለፍ እማማ።»

«ለሰውየው የነገርካቸው አንተ ነህ» አልኩት። «ሄደህ ክሱን የምታነሳላትም አንተ ነህ።»

አንገራገረ። እኔ ግን ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ መሀላቸው ተቀምጬ ሄድኩ። ባለቤቱ ፊት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጥፋቱ የሁለታቸውም እንደነበር ተናገረ። ደህና አድርጎ ባይናገረውም ተናገረው።

ሰውየው ወደ ልጄ ዞሩ። ነገ መብራት ቢሄድ እንደማይበላሽ በምን አውቃለሁ ብለው ጠየቋት። ልጁ ሊመልስ ጀምሮ ተወላት። እሷ ወንበር ሳብ አድርጋ አስረዳቻቸው፤ በጥያቄ ሲያጣድፏት አልተርበተበተችም።

በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠዋት አብነት ቅርንጫፍ ሁለታችሁም ኑና ፕሮግራሙን ግጠሙልኝ» አሉ።

ሁለታችሁም ማለታቸውን በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ ነው የተቀመጥኩት።