ለወረቀት ባሕታዊ የገባ ጥላ

አፍንጮ በር ጎረቤቶቻችን የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች አጎታቸው ከውጭ ያመጣላቸው ግማሹ የተገነጠለ የጨዋታ መጽሐፍ ነበራቸው። የክፍል ጓደኛዬ የሆነው ትልቁ ደንቡን ወደ አማርኛ መልሶ ደብተር ላይ ጻፈልን። እያንዳንዳችን አንድ የፈጠራ ሰው ይዘን፣ ዳይስ እየጣልን እናሳድገዋለን። ጦረኛውንና ጠንቋዩን እነሱ ተሻሙ። ለእኔ ባሕታዊው ተረፈኝ።

ባሕታዊ የሚያድገው ብርሃን በሚባል ነጥብ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሰው ታናሽየው ማዕረጎቹን ሰየመልኝ፦ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። ስለት የተሳለ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ ሰምሮለት ያላስገባ ግን ብርሃኑ ይጠፋል። በጨዋታ ማን ይሰስታል? «ንጽሐ ልቡና ከደረስኩ ለጊዮርጊስ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስድስት ወጣልኝና ደረስኩ።

እናቴ የቤት ሥራዬን ልታይ ደብተሬን ስትገልጥ አነበበችው። ደረስሽ ወይ አለችኝ። ኮራ ብዬ አዎ አልኳት። ታዲያ ጥላውስ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ባሕታዊው እኮ የወረቀት ነው አልኳት። እሷ አልሳቀችም።

«የጻፈው እጅ የማን ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ፒያሳ ልብስ ሰፊ የነበረችው እናቴ፣ በደህና ከተመለሰላት ጥላ ልታስገባ ተስላለች። ማታ ማታ የጥላውን ከፋይ በወርቃማ ክር ስትጠልፍ ከርማ፣ ጨርሳ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። የእኔ ስለት ሳይገባ ቢቀር የእሱን መንገድ እንዳይዘጋበት ፈራች። በሚቀጥለው እሁድ የወንድሜን ጥላ አስይዛኝ ጊዮርጊስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከኀፍረት የተነሣ ቀና አላልኩም። ካህኑ የምን ስለት እንደሆነ ሲጠይቋት፣ የልጅ ነው አለቻቸው። አልዋሸችም።

ከዚያ ሌላ ከፋይ ገዝታ እንደገና ጀመረች። እኔም መርፌው ውስጥ ክር አስገባላት ነበር። ጨዋታውን ማንም ሳይከለክለኝ ተውኩት።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ በየመንገዱ እየተጎተቱ ከተማ ገቡ። የእኛ ልጅ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ሁለት ዓመት ጠበቀችው። አንድ ጠዋት ሁለተኛውን ጥላ ከሣጥኑ ስታወጣ አየኋት። ደንብ አዋቂዋ እኔ ነኝና፣ ስለቱ አልሰመረም፣ የምታስገቢው ስለት የለብሽም አልኳት።

ነጠላዋን እያስተካከለች ዞር ብላ አየችኝ።

«ለወረቀት ሰው ያስገባሁ፣ ልጄን እነፍጋለሁ?»

ጥላውን ተቀበልኳትና አብረን ሄድን።