አሥራ ሦስተኛውን ወር የዋጠው ዓምድ

ከሰበታ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር፤ ከፋብሪካዎቹ በኩል ጭስ ይወጣል። ጎረቤቴ ኦቦ ጉዲሳ በእግር ሸኘኝ። መንገዱን የዘጉት ወጣቶች አስቁመውን ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቁ፣ ኮምፒዩተር መሆኑን፣ እሱንም ያለ አስተማሪ በራሴ እንደተማርኩት ልተርክላቸው ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ዛሬ እንኳ ይተዉት!» አለኝ ጉዲሳ። ከዚያ በኦሮምኛ አነጋገራቸው፤ ሳቁና አሳለፉን።

በመጨረሻ የገባሁባት ናይሮቢ አየሯ አይከፋም። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ ግን ቅቤም በርበሬም አያውቀውም፤ ሰውም ስለ ቤተሰብህ ሳይጠይቅህ «ጃምቦ» ብሎህ ያልፋል። ክፍል የጠየቅኳት ማማ አቺየንግ ነርስ ናት፤ ከሕንፃዋ ሥር ትንሽ ክሊኒክ አላት።

«ኪራዩን በምን ትከፍላለህ?»

«በእውቀት።»

«እሱን ሁሉም ተከራይ ይለኛል።»

«ክትባት የደረሰላቸውን ሕፃናት ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲነግርሽ አደርጋለሁ።»

ያልኩትን አደረግኩ። በዚያ ሕንፃ ከእኔ ሌላ ይህን የሚችል አልነበረም። መዝገቡን ላስቀምጥባት የመረጥኳት ዳታቤዝ ቀላል ናት፤ ሁለመናዋ አንድ ፋይል። የትውልድ ቀን የሚገባበትን ዓምድ ስሠራ ዓይነቱን «ቀን» ብዬ ሰየምኩት። ትልልቆቹ ዳታቤዞች እንዲህ ከተባሉ ቀን ያልሆነውን አንቀበልም ብለው ይመልሳሉ። ይህችኛዋ ግን የቀን ዓይነት ከነጭራሹ የላትም፤ የሰጠኋትን ስም እንደ ምክር ሰምታ የመጣውን ሁሉ ታስገባለች፣ ሚኒባሱ ሞልቶም «ግቡ፣ ቦታ አለ» እንደሚለው የሰበታ ረዳት። ይህ መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ደግሞ መመሪያ ምን ያደርግልኛል ብዬ አላነበብኩትም።

ከግድግዳዬ ማዶ የምትኖር ጫልቱ የምትባል የቡራዩ ልጅ ሕፃኗን ልታስመዘግብ መጣች። «ጳጉሜ ሦስት ነው የተወለደው፣ አባባ» አለችኝ። እጄ እንደለመደው 2007-13-03 ብዬ ጻፍኩ። ዓምዱ ዝም ብሎ ዋጠው። እኔ ደግሞ «የእኛን አሥራ ሦስተኛ ወር እንኳ ያውቃል!» ብዬ ማማ አቺየንግ ላይ ኮራሁባት።

ከወራት በኋላ ሕንፃው ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ማማ አቺየንግ የጫልቱ ልጅ ለምን እንዳልተከተበ ልታይ መጥታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ስምንት ዓመት አልፎታል ይላል። ጥርስ ያላበቀለ፣ እናቱ ጀርባ ላይ የሚተኛ የስምንት ዓመት ጎረምሳ!»

ማሽኑ ዓመቱን በፈረንጅ ቆጥሮ፣ ልጁን ለክትባቱ አርጅቷል ብሎ ትቶታል። ያኔውኑ ከተበችው። «ቀድሞ ይዞት ከሆነ ግን አያስጥለውም» አለች።

ለዓምዱ የሌለ ወር እንዳይቀበል ማጣሪያ ጨመርኩለት። ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ማጣሪያም አያውቅም፤ አሁን እናቶቹን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ጫልቱ ስህተቱን ስትሰማ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እርስዎ ስለጻፉት፣ ቀኑ ሲደርስ ይጠሩኛል ብዬ ነበር፣ አባባ።»

ትናንት ማታ ባለቤቴ ከሰበታ ደወለች።

«ጉዲሳ እንኳ ሳይቀር ያወራልሃል! ክሊኒኩን በኮምፒዩተር ያስተዳድራል እያለ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ላይ ብዙ እጨምርላት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሳል ተሰማ።

«ማነው እንዲህ የሚያስለው?»

«የጎረቤት ልጅ ነው።»

«ውይ! አንተ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራህ? ሂድና እርዳቸው እንጂ።»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እስከ በሬ ድረስ ሄድኩ። እጀታውን ይዤ ቆሜ፣ ልጁ እስኪተኛ ሳሉን አዳመጥኩ።