በመርከብ የሄደ መርዶ

ፈረንጅ ለመዝናኛ በሠራው መርከብ ላይ መርዶ ይዞ የተሳፈረ ሰው ከእኛ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። መርዶው ደግሞ ትኩስ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። እኔ ከባልቲሞር ብዙ በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ወንዝ ቢለየንም ስልክ አይለየንም። ወረርሽኙ በገባበት ዓመት እናቷ አዲስ አበባ አረፈች። አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ፣ አንዲት አፓርታማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር። መቼም በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ባለሐዘኑን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነግረው። ያን ጊዜ ግን ድንበሩ ተዘግቷል፤ ማንም የማንንም ደጃፍ አይረግጥም። «ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ?» ብላ ደበቀችው። በደወለ ቁጥር «እማዬ ትንሽ አሟታል፣ አሁን ተኝታለች» ትለው ነበር። እሱም አንድ ቀን የእናቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ስልኩ ላይ አገኘው፤ ከሥሩ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎበታል። አርባዋ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእህቱን ስልክ አንስቶ አያውቅም።

ሽማግሌ ተላከበት። እዚያው ከተማ ያሉ አንድ ቄስ ደጅ ቢጠኑት፣ ቢለምኑት፣ በመጨረሻ «በስልክ የዋሸችኝን በስልክ አልታረቃትም። ትምጣና ፊቴ ቆማ ትንገረኝ» አለ። እሺ፣ ትሂድ! በምን? ጆሮዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ሐኪሟ አውሮፕላን ከልክሏታል። በመኪና እንዳንል፣ እሷም እኔም ከተማችንን ከሚዞረው ከቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወጥተን ነድተን አናውቅም። አንዴ ተሳስቼ ወጥቼ ፔንሲልቬንያ ልገባ ስል ነው ሰው የመለሰኝ።

በዚህ መሀል ጓደኛዬ ከሆቴል ሥራዋ ጡረታ ወጣች። ልጇ ለሁለት ሰው የሚሆን የክሩዝ ትኬት ገዛችላት፤ ከባልቲሞር ባሃማስ ደርሶ መልስ። «ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ» አለቻት። ጓደኛዬ የመርከቡን ፕሮግራም ስታይ፣ ያው መርከብ ከባሃማስ በተመለሰበት ቀን አዲስ ሰው ጭኖ ወደ ካናዳ ይሄዳል፤ ሃሊፋክስ ላይም ይቆማል። ወዲያው ደወለችልኝ።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ለሽርሽር ነው?»

«የመጀመሪያው ለሽርሽር፣ ሁለተኛው ለመርዶ። መርዶ ደግሞ ብቻ አይኬድም።»

ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። የሁለተኛውን ጉዞ ትኬት እሷ ቆረጠች፤ የምንደርስበትንም ቀን በቄሱ በኩል ለወንድሟ አስነገረች። ከመሄዳችን በፊት ታኮማ ፓርክ አንድ ፋርማሲ ገብተን አፍንጫችንን አስቆፈርን፤ ነፃ ተባልን፤ ተሳፈርን።

ባሃማስን አላወራላችሁም። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ ምግቡ አያልቅም፣ ሰዉ ራቁቱን ነው። ጓደኛዬ አንዱንም አላየችው። ነጠላዋን ተከናንባ ወንበር ላይ ጋደም ትልና ለወንድሟ የምትለውን ትለማመዳለች። «ወንድሜ፣ ብቻህን ስለነበርክ ነው። ወጋችንን ታውቃለህ። እኔ ለአንተ ብዬ እንጂ...» እያለች ትቀጥላለች። ስትደጋግመው እኔም በቃሌ ያዝኩት። አንዳንዴ ቃል ስትረሳ አስታውሳት ነበር።

ባልቲሞር ልንደርስ ስንል ነው ጉዱ የመጣው። ለሁለተኛው ጉዞ የምንቀጥል ሰዎች ወርደን፣ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ተመርምረን ካላለፍን መመለስ የለም ተባለ። የፋርማሲው ውጤት ጊዜው አልፎበታል። ጓደኛዬ በሽታው ከተገኘባት ትቀራለች። ከቀረች ደግሞ ወንድሟ ወደብ ላይ ቆሞ ይጠብቅና «ይኸው፣ ዛሬም ዋሸችኝ» ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛ ሽማግሌም አይሰማም።

ደሜ ፈላ። እስቲ ፍረዱኝ! ሳምንቱን ሙሉ ያደርነው እነሱ መርከብ ላይ፣ የበላነው የእነሱን ቡፌ። በሽታ ካለብን ከማን ሊሆን ነው? አዲሶቹ መንገደኞች በየሰፈራቸው የተመረመሩትን በስልካቸው እያሳዩ ሰተት ብለው ይገባሉ፤ እኛ የቤት ልጆቹ ሻንጣችንን ካቢን ትተን ውጡ፣ ተሰለፉ፣ አፍንጫችሁን ስጡ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ግን መስከረም ከጠባም በኋላ ሰማን።

«ስማኝማ» አልኩት ከምርመራው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠውን ሰውዬ። «ገበያው ተከፍቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፍቷል። እኛ ላይ ምን ቀርቶ ነው?»

«ይገባኛል፣ ማም።»

«ከገባህ አሳልፈና!»

«ይገባኛል፣ ማም። ግን ሕጉ ነው።»

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መጣላት እንኳን አይቻልም። ለእርዳታ ብዬ ወደ ጓደኛዬ ዞር ስል፣ ወይኔ ጉዴ! ዓይኗ በርበሬ መስሏል። እንባዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ማስኳ ውስጥ ሆና ታነጥሳለች።

ለካ ጠዋት እኔ ሻወር ስወስድ እሷ ከአሌክሳንድሪያ ቋጥራ ያመጣችውን ፌጦ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በጥብጣ፣ በባዶ ሆዷ ግጥም አድርጋዋለች። «ድንገት ቢኖርብኝ ይነቅልልኛል ብዬ ነው» አለችኝ በኋላ። በወረርሽኙ ጊዜ ሁላችንም ፌጦ ስንጠጣ ነው የከረምነው፤ አልፈርድባትም። ግን በምርመራ ጠዋት?

መርማሪዋ ነርስ ከሩቅ አይታት መጣች። «ሕመም አላት እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለባት! መድኃኒት ወስዳ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«የምን መድኃኒት?»

«የጉንፋን።» ምነው አፌን በቆረጠው!

«እንግዲያው ጉንፋን ይዟታል።»

«አልያዛትም! እንዳይዛት ነው።»

«ማነው ያዘዘላት?»

ፌጦን ማን ያዛል? አያቷ ናት ልበላት? ጓደኛዬ ልታስረዳ አፏን ከፈተችና በነርሷ ትይዩ በኃይል አነጠሰች። አለቀልን። ከሰልፉ አውጥተው ሁለታችንንም ጥግ ላይ ካለች ክፍል አስገቡንና በሩን ዘጉት።

እዚያው መረመሩን። ናሙናውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ዝም። ነርሷ ውሃ አምጥታ አስቀመጠችልን፣ ዓይኗ ፈገግ አለ፣ «ትንሽ ጠብቁ» ብላ ወጣች። ሌላው መርማሪ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ አየን፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ከመስታወቱ ወዲያ ቆመው እያንሾካሾኩ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኛን ያያሉ። በመስኮቱ ወደ መርከቡ የሚገባው ሰልፍ እያጠረ ሲሄድ ይታየኛል።

«ውጤቱን አውቀውታል እኮ!» አልኩ። «ፊታቸው ያሳብቃል። መናገር ምን ያቅታቸዋል? ሄጄ ልጮህባቸው ነው!»

ዞሬ ሳያት የፌጦው እንባ ደርቋል፤ እሷ ግን እያለቀሰች ነው።

«ምነው? ገና ምንም አልነገሩንም እኮ።»

«እሱ ነው የሚያስለቅሰኝ» አለች። «እያወቁ ዝም ይሉኛል። ይስቁልኛል፣ ውሃ ይሰጡኛል፣ ጠብቂ ይሉኛል። ወንድሜን እንዲህ ነው ያደረግኩት። አርባ ቀን ሙሉ።»

«አንቺ እኮ አዝነሽለት ነው።»

«እነሱም አዝነውልኝ ይሆናል። ምን ጠቀመኝ?»

ጩኸቴን ተውኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ነበር። ሰልፉ አለቀ። የመግቢያውን በር የሚጠብቀው ሰው ሰዓቱን ያያል።

ነርሷ ስትገባ ሁለታችንም ብድግ አልን። «ነፃ ናችሁ» አለች። ማሽኑ አንዴ እንቢ ብሏቸው ነው የቆዩት። ለጓደኛዬም ያን መድኃኒት ደግማ እንዳትወስድ መከረቻት። እኔ እልል ልል ነበር፤ ጓደኛዬ ግን «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላ መርከቡ ጡሩምባውን ነፍቶ ከወደቡ እስኪላቀቅ ድረስ ፊቷ አልተፈታም።

ወደ ሰሜን ስንሄድ አየሩ ቀዘቀዘ። አንድ ነገር ታዘብኩ፤ መለማመዱን ተወችው። «ትረሺዋለሽ፣ አንዴ በይውና ልስማሽ» ስላት «ይቅር፣ አያስፈልግም» አለችኝ። ፈራሁላት። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ አፏ ቢያያዝ ምን ልንሆን ነው?

ሃሊፋክስ የደረስን ጠዋት ሰዉ ሁሉ ካሜራውን አንጠልጥሎ ዓሣ ቤት ሊሄድ ሲጋፋ፣ ጓደኛዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከካቢን ወጣች። መንገደኛው ዞር እያለ ያያታል። ወንድሟ ከወደቡ በር ወዲያ ቆሟል። በፎቶ ከማውቀው ይልቅ ሸብቷል። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል፤ አንድ እርምጃ ወደ እኛ አልመጣም።

ፊቱ ሄዳ ቆመች። ስለ ወጋችን፣ ስለ ድንበሩ፣ ብቻውን ስለመሆኑ የምትለውን ስጠብቅ፣ ምንም ሳታስከትል፣

«ወንድሜ» አለችው። «እናታችን አርፋለች።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያወቀውን፣ ያለቀሰበትን፣ የተኳረፈበትን ነገር ገና አሁን የሰማው ይመስል «እማዬ!» ብሎ ጮኾ መሬት ሊደፋ ነበር። እሷ በግራ ያዘችው፣ እኔ በቀኝ። ለካ እኔ ለዚህ ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ እያየን፣ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈ፣ እንደዚያው ደግፈነው ብዙ ቆየን።

ከዚያ ቀና ብሎ እንባውን በመዳፉ ጠረገና አያት።

«መቼ ነው፣ እትዬ?» አላት።

ቀኑን ነገረችው።