ጥላሸት የለበሰ አንሶላ

ከአጥራችን ማዶ የተከራየችው ሴት፣ ልጇ በሳል ታፍኖ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ስቃ ታውቅ ይሆን? እኔ አላየሁም፤ ሌሊትም መብራቷ ጠፍቶ አያውቅም። የልጇን የትምህርት ቤት ሹራብ ትለብሳለች፤ እጅጌው ክርኗ ላይ ይቀራል። አየር ጤና ጉሊት ውላ ስትመለስ ነጭ አንሶላ በውሃ ታረጥብና ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ከሚያመነጨው ፋብሪካ ትይዩ ታሰጣለች። ጠዋት አንሶላው ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። አታራግፈውም፤ እንዳለ አጥፋ ታስቀምጠዋለች።

«እትዬ፣ ልብስ በሌሊት ይሰጣል እንዴ?» አላት የሰፈሩ ዘበኛ።

«ያ ጭስ ማውጫ ቀን ቀን ለአየር ብክለት ተቆጣጣሪዎቹ ጾመኛ ነው» አለችው። «ሲመሽ ነው የሚፈስከው።»

ትናንት አንሶላዎቹን ተሸክማ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ፣ ተቆጣጣሪዎቹን በማታ አመጣቻቸው። የአየር መለኪያቸውን ግቢዋ ውስጥ ተከሉ። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ጭሱ ሲንቦለቦል የመለኪያው ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። እሷም ጣቷን ወደ ጭስ ማውጫው ቀስራ፣ «ጨምር! የኔ ጌታ፣ ጨምር እንጂ!» አለችው።

«ይበቃል እናቴ፣ ይዘነዋል። ነገ የፋብሪካው ኃላፊዎች ይጠራሉ» አላት ተቆጣጣሪው።

«እንግዲህ እንቅልፍ ማጣት የእነሱ ተራ ነው» ብላ በሯን ዘጋች።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መብራቷን አጥፍታ ተኛች።